ሰይፍ መሳል፦ የብረት ቀለም፣ ጥላና ብርሃን በሚኒየቸር ጥበብ

አማርኛ «መቀባት»ንና «መሣል»ን ለያይቶ ያስቀምጣል። ግድግዳ ይቀባል፤ መልክ ይሣላል። መቀባት ገጽን በሌላ ነገር መሸፈን ነው፤ መሣል በገጹ ላይ የሌለውን እንዲታይ ማድረግ ነው። በጣት ቁመት የሚለኩ የጦረኛ ምስሎችን በቀለም የሚያስጌጠው የሚኒየቸር ጥበብ ከዚህ ልዩነት ጋር የሚፋጠጠው ብረት ላይ ሲደርስ ነው። ጨርቁን፣ ቆዳውንና ፊቱን ለማሳየት ሠዓሊው ጥላና ብርሃን ከመደርደር ሌላ ምርጫ የለውም። ሰይፉ፣ ጥሩሩና የራስ ቁሩ ላይ ግን ከጠርሙሱ ሲወጣ ጀምሮ የሚያብረቀርቅ ቀለም ይጠብቀዋል። አንዴ ለቅልቆ ቢተወው እንኳ ተመልካቹ ብረት መሆኑን ይቀበልለታል። የዚህ ጽሑፍ ሙግት ይህ መቀበል ሠዓሊውን ያዘናጋዋል የሚል ነው፤ የብረት ቀለም በራሱ ቅብ ብቻ ነው፤ ሥዕል የሚያደርገው ጥላው ነው።

ከአሻንጉሊት ወደ ሥዕል

ዘርፉ የመጣበት መንገድ ሙግቱን ያብራራል። በ18ኛው ክፍለ ዘመን ዮሐን ጎትፍሪድ ሂልፐርት ኑረምበርግ ላይ ጠፍጣፋ የቆርቆሮ ወታደሮችን ይሠራ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1893 የለንደኑ የብሪተን ኩባንያ ውስጣቸው ክፍት የሆነ የእርሳስ ወታደሮችን ማምረት ጀመረ፤ ደራሲው ኤች. ጂ. ዌልስም በ1913 ባሳተመው «ሊትል ዎርስ» የአሻንጉሊት ወታደሮችን ጦርነት የሚመራ ደንብ አወጣ። የእነዚያ አሻንጉሊቶች ቀለም ቅብ ነበር፤ ቀዩ ኮት ዳር እስከ ዳር ቀይ፣ ሰይፉ ዳር እስከ ዳር ብርማ።

ቅቡን ወደ ሥዕል ከገፉት መካከል በ1975 የተመሠረተውና በኋላ መቀመጫውን ኖቲንግሃም ያደረገው የእንግሊዙ ጌምስ ወርክሾፕ ይገኝበታል። ድርጅቱ በ1983 «ዋርሃመር» የተባለውን የጠረጴዛ ላይ የጦር ጨዋታ አወጣ፤ በ1987 ደግሞ «ጎልደን ዲመን» የተሰኘውን የአቀባብ ውድድር ጀመረ። ዳኛ ባለበት መስፈርት ይወለዳል፤ መስፈርት ባለበትም ክርክር አይቀርም።

አንድ ነገር እዚህ ላይ ልብ ይባል። ከእነዚህ ምስሎች ብዙዎቹ ለረጅም ዘመን ከእርሳስና ከቆርቆሮ ቅይጥ የተቀረጹ፣ ራሳቸው ብረት የሆኑ ነበሩ። ሠዓሊው እውነተኛውን ብረት መጀመሪያ ፕራይመር በሚባል የመነሻ ቅብ ይሸፍነዋል፤ ከዚያም በላዩ የብረት ቀለም ያሳርፍበታል። ይህን ሲያደርግ እንግዳ ነገር እየሠራ አይደለም፤ ብረት መሆንና ብረት መምሰል የተለያዩ መሆናቸውን በእጁ እየመሰከረ ነው።

የጤፍ ፍሬ የሚያህል ቅርፊት

«ሜታሊክ» የሚለውን ስም መኪና ያስቀባ ሁሉ ያውቀዋል። የሚኒየቸሩም ቀለም ባሕርዩ ያው ነው፤ በአክሪሊክ ቀለሙ ውስጥ ደቃቅ የአሉሚኒየም ቅርፊቶች ወይም በታይታኒየም ዳይኦክሳይድ የተለበጡ የማይካ ቅርፊቶች ይንሳፈፋሉ። ቀለሙ ሲደርቅ ቅርፊቶቹ በገጹ ላይ ተኝተው ይቀራሉ፤ እያንዳንዱም እንደ ትንሽ መስታወት ብርሃን ይመልሳል።

የመጀመሪያው ችግር የመጠን ነው። የ28 ሚሊሜትር ምስል የሰውን ቁመት አንድ ስድሳኛ ያህል ነው። ወርዱ 20 ማይክሮን የሆነ ቅርፊት በዚሁ ስሌት ወደ ሰው ልክ ቢያድግ ከ1 ሚሊሜትር ያልፋል፤ የአንዲት የጤፍ ፍሬ ያህል ይሆናል። ጤፍ የተነሰነሰበት ጥሩር ብረት ሊመስል አይችልም፤ ቅርፊቱ ሻካራ የሆነ ቀለምም ምስሉን የሚያበላሸው ለዚህ ነው። የስፔኑ ቫዬሆ «ሜታል ከለር» በሚል ስም ያወጣውን ዓይነት እጅግ ደቃቅ ቅርፊት ያለው ቀለም ሠዓሊዎች የሚመርጡት ልኬቱን ስለማያፈርስ ነው።

ሁለተኛው ችግር ጠለቅ ያለ ነው። በደንብ የተወለወለ ብረት አካባቢውን የሚያሳይ መስታወት ነው። ሜዳ ላይ የቆመ ባለ ጥሩር ደረቱ ላይ የሰማዩን ነጭ፣ ከሥሩ የአድማሱን ጥቁር መስመር፣ ከዚያም የመሬቱን ቡናማ ይሸከማል። ዓይናችን «ይህ ብረት ነው» የሚለው ጽኑ ብርሃንና ጽኑ ጨለማ ጎን ለጎን ሲቆሙ አይቶ ነው። ቀለሙ ውስጥ ያሉት ቅርፊቶች ግን ፍጹም አይስተካከሉም፤ እያንዳንዳቸው ትንሽ ትንሽ ስለሚያጋድሉ ነጩንና ጥቁሩን አደባልቀው ለዘብ ያለ ግራጫ ፍካት ይሰጣሉ። ብልጭታው አለ፤ ጨለማው ግን ጠፍቷል። ጥላ የሚሰጥ ሠዓሊ ቅርፊቱ የሰረቀውን ጨለማ ወደ ቦታው እየመለሰ ነው።

በዚህ ላይ የርቀቱን ነገር እንጨምር። ከ50 ሳንቲሜትር ላይ የሚታይ የ28 ሚሊሜትር ምስል ለዓይን የሚሰጠው ስፋት 30 ሜትር ርቆ እንደቆመ ሰው ነው። በዚያ ርቀት ለስላሳ ጥላ አይነበብም፤ እንደ መድረክ ተዋናይ ፊት በርታ ተደርጎ መሣል አለበት።

የአልቤርቲ ክርክር

ብረትን በብረት ቀለም ወይስ በተራ ቀለም እንሣል የሚለው ጭቅጭቅ ከሚኒየቸር በፊት የነበረ ነው። ጣሊያናዊው የጥበብ ሊቅ ሌዮን ባቲስታ አልቤርቲ በ1435 ስለ ሥዕል በጻፈው ድርሳን ወርቅን በወርቅ የሚሠሩ ሠዓሊዎችን ይወቅሳል። መከራከሪያው የዓይን ነው፤ በሰሌዳ ላይ የተለጠፈ ወርቅ መብራት ሲገባው ይጨልማል፣ መጨለም ሲገባው ያበራል፤ ብርሃኑን የሚያዘው ተመልካቹ የቆመበት ቦታ ነው። ስለዚህ የወርቅን ጮራ በተራ ቀለም ማምጣት ለሠዓሊው የበለጠ ክብር ነው ይላል። በርሊን የሚገኘው፣ ለረጅም ጊዜ የሠዓሊው ሬምብራንት ሥራ ሲባል የኖረው «ባለ ወርቅ ቁሩ ሰው» የዚህ ሐሳብ ድንቅ ማስረጃ ነው፤ ያ የሚንቦገቦግ የራስ ቁር የተሠራው በቀለም ነው።

በሚኒየቸር ዓለም የአልቤርቲ ወራሽ «ብረት አልባ ብረት» ልንለው የምንችለው ስልት ነው። ሠዓሊው አንዲት የብረት ቅርፊት ሳይጠቀም፣ ከጥቁር እስከ ነጭ ባለው ግራጫ ብቻ ሰይፉን ይሥላል። ስልቱ በተለይ ከ2000ዎቹ መጀመሪያ ወዲህ በውድድር መድረኮች ትልቅ ስም አግኝቷል፤ የሚጠይቀው የእጅ ጥራት አድናቆት ይገባዋል።

ነገር ግን አልቤርቲ የተናገረው ስለ ጠፍጣፋ ሰሌዳ ነው። ሚኒየቸር በእጅ ተይዞ የሚዞር ነገር ነው። ብረት አልባው ሰይፍ ብርሃኑ አንድ ቦታ ላይ ተቸንክሯል፤ ምስሉን ሲያዞሩት ብልጭታው አብሮ ይዞራል እንጂ እንደ ብረት አይንሸራተትም። ከአንድ አቅጣጫ እውነት የነበረው ከሌላው አቅጣጫ ሐሰት ይሆናል። በፎቶግራፍ እንከን የለሽ የሆነ ሥራ መዳፍ ላይ ሲቀመጥ ነፍሱ የሚቀዘቅዘው በዚህ ምክንያት ነው። በሌላ በኩል ያለ ጥላ የተተወ የብረት ቀለም ብርሃኑ ይንሸራተታል፤ ቅርጹን የሚይዝለት ግን የለም።

ጥላው እንዴት ይሠራል

መፍትሔው ሁለቱን ማጋባት ነው። ሠዓሊው መካከለኛ ድምቀት ባለው ብርማ ቀለም ይጀምራል። ከዚያ ቅርፊት የሌለበትን ጥቁር፣ ሰማያዊ ወይም ቡናማ ቀለም በብዙ ውሃ አቅጥኖ፣ ብርሃን በማይደርስበት ገጽ ላይ በስሱ ይደራርባል። ይህ ቅብ በአንድ ጊዜ ሁለት ሥራ ይሠራል፤ ገጹን ያጠቁራል፣ ቅርፊቶቹንም ጋርዶ ብልጭታቸውን ይገድላል። ምስሉ ሲዞር ጥላው ጥላ ሆኖ የሚቆየው ቅርፊቱ ስለተከደነ ነው። በመጨረሻ እጅግ ደማቁ ብር ወደ ላይ በሚያዩት ገጾች ላይ ብቻ ያርፋል።

ወርቅ የራሱ ሕግ አለው። ወርቅ ሰማያዊውን ብርሃን ውጦ ቢጫና ቀዩን ስለሚመልስ ጥላው ወደ ቀይ ቡናማ ሲያዘነብል ሙቀቱን ይጠብቃል፤ በጥልቁ ላይ ትንሽ ወይን ጠጅ ቢጨመርበት ቢጫው ይበልጥ ይነሣል። ለማፍካት ግን ነጭ መቀላቀል ስሕተት ነው። ነጭ ቀለም ብርሃኑን በሁሉም አቅጣጫ ስለሚበትን የወርቁ ጮራ ይሞትና ኖራ ይመስላል። ወርቅን የሚያፈካው ብር ነው።

በዚህ ጸሐፊ እምነት የዘመናችን ትልቁ ስንፍና ዝግጁ የጥላ ፈሳሽን ሁሉም ቦታ ላይ ማፍሰስ ነው። የጌምስ ወርክሾፕ «ነልን ኦይል» የዚህ ዓይነቱ ፈሳሽ ታዋቂ ምሳሌ ነው። ፈሳሹ ወደ ስንጥቁ ይወርዳል፤ የሰንሰለት ጥሩርን ቀለበቶች ለመለየት ግሩም ነው። ይሁንና ፈሳሽ የሚታዘዘው ለስንጥቁ ነው፤ ብርሃን የት እንዳለ አያውቅም። ከላይ ያለውም ከታች ያለውም ስንጥቅ እኩል ይጠቁራል፤ ውጤቱ የተሠመረ እንጂ የተሣለ ብረት አይሆንም። ቫርኒሽም እንዲሁ ነው፤ የማያንጸባርቀው ዓይነት በጥላው ላይ ብቻ ሲያርፍ ጨለማውን ያጸናል፣ ምስሉን በሙሉ ሲሸፍነው ግን የተደከመበትን ፍካት ያከስመዋል።

የመጨረሻው እርምጃ ጠርዙ ነው። በሰይፉ አፍ ላይ እንደ ፀጉር የቀጠነች የብር መስመር ትሰመራለች። ግዕዝ ሥዕልን «ሠዐለ»፣ ስለትን «ሰሐለ» ብሎ ይለያቸዋል፤ በአማርኛ አነጋገር ግን ሁለቱ አንድ ድምፅ ሆነዋል። ያቺ መስመር ከመሰመሯ በፊት ሰይፉ ዱልዱም ነው፤ ከተሰመረች በኋላ ይቆርጣል። እዚህ ላይ መሣልና መሳል በእርግጥ አንድ ተግባር ናቸው።

ፍርድ

የብረት ቀለምን «የሰነፍ መንገድ» ብሎ የሚንቅ ወገን የሚንቀው ጥላ ያልተሰጠውን ቅብ ከሆነ ልክ ነው። ጥላ የተሰጠው የብረት ቀለም ግን ብረት አልባው ስልት የማይደርስበትን ያደርጋል፤ የሠዓሊውን ቋሚ ጥላ ከተመልካቹ ጋር ከሚንቀሳቀስ ብርሃን ጋር ያስተባብራል። መዳፍ ላይ ለሚዞር ምስል ከዚህ የተሻለ እውነት የለም። ስለዚህ ብሩሽ ለሚያነሣ ሁሉ ምክሬ አንድ ነው፤ ጠርሙሱን ከመክፈትህ በፊት ብረቱ የት ማብራት እንደሌለበት ወስን።