የእናቶቻችን ጥልፍ ይመዘን



በሲግድ ሰሞን የእናቶቻችን ጥልፍ በየማትናሱ ጠረጴዛ ላይ ሲዘረጋ ምስጋናው ብዙ ነው። «እንዴት ያምራል፣ ባህላችን ነው» ይባላል። ዋጋው ሲጠየቅ ግን ምስጋናው ወደ ክርክር ይለወጣል፤ የወራት ሥራ በፋብሪካ ጨርቅ ሒሳብ ይሸጣል። ምክንያቱ የገዢው ንፍገት ብቻ አይመስለንም። ጥልፉ ይወደሳል እንጂ አይመዘንም፤ ያልተመዘነ ሥራ ደግሞ ዋጋ አያወጣም። ስለዚህ ጠንካራና ደካማ ጎኑን እንደ ማንኛውም ሥራ ልናይ እንወዳለን።

አስቀድመን ጥበብን ከጥልፍ እንለይ። ጥበብ ሸማኔው ቀለም ያለውን ክር በድርና በማግ መካከል እያስገባ ከጨርቁ ጋር አብሮ የሚሠራው ነው። ጥልፍ ግን ጨርቁ ካለቀ በኋላ በመርፌ የሚሠራ ነው። ታሪኩም ረጅም ነው። የእንግሊዝ ጦር በ1868 ከመቅደላ ከወሰዳቸው ዕቃዎች መካከል የዐፄ ቴዎድሮስ ባለቤት የእቴጌ ጥሩወርቅ ጥልፍ ቀሚስ ይገኝበታል፤ ዛሬም ለንደን በሚገኘው በቪክቶሪያና አልበርት ሙዚየም ተቀምጧል።

የቀሚስ ጥልፍ ጌጥ ነው። ታሪክ የሚናገር ሥዕል ያለበት ጥልፍ ግን በማኅበረሰባችን የተስፋፋው በችግር ቀን ነው። በሜይ 24 እና 25 ቀን 1991 በዘመቻ ሰሎሞን ከ14 ሺህ በላይ ሰዎች እስራኤል ሲገቡ ብዙ ዘመዶቻችን ተራ እየጠበቁ ቀሩ። በ1990ዎቹ ናኮኤጅ የተባለው የሰሜን አሜሪካ ድርጅት ለነዚህ ወገኖች የጥልፍ ሥራ ከፈተ። እናቶች የሃላ መሸፈኛ፣ የማጻ መሸፈኛና የታሊት ቦርሳ እየጠለፉ በሚያገኙት ገንዘብ ልጆቻቸውን አበሉ።

የነዚህ ሥራዎች ጥንካሬ ምኑ ላይ ነው? በጥሩዎቹ ላይ የኦሪት ሰዎች ነጠላ ለብሰው ይታያሉ። ይህም ኦሪትን በንባብ ሳይሆን በጆሮ የተማረች ሴት ታሪኩን የራሷ አድርጋ እንደያዘችው ያሳያል። ቀለሙም የመሶብና የሌማት ስፌት የለመደ ዓይን የመረጠው ነው፤ ቀዩን ከአረንጓዴው ሳይፈራ ያጎራብታል። አሠራሩ ቀላል ይመስላል፦ ዙሪያው በሰንሰለት ስፌት ይከበብና ውስጡ ክሩ ጎን ለጎን እየተጠጋ ይሞላል። ነገር ግን ክሩ ከጠበቀ ጨርቁ ይሸበሸባል፤ ከላላ ደግሞ ሲታጠብ ይመዘዛል። የእጅ ልክ የሚታወቀው እዚህ ላይ ነው። ሲገዙም ሆነ ሲሸጡ ጨርቁን ገልብጠው ይዩ፤ ቋጠሮው የተደበቀና ክሩ ያልተንዘላዘለ ከሆነ ባለሙያ ሠርታዋለች።

ደካማው ጎን ሥዕሉ የገዢውን ምኞት መከተሉ ነው። ጎጆ ቤት፣ እንስራ ያዘለች ሴት፣ በሬ የጠመደ ገበሬ፤ በአሥር ጨርቅ ላይ አሥር ጊዜ። ሃላንም ቢሆን በአገራችን አናውቀውም ነበር፤ እኛ የምናውቀው የሰንበት ዳቦ ነው። እናቶቻችን የጠለፉት ለሌላ ሰው ገበታ ነበር። አንዳንዱ ላይ የዕብራይስጡ ፊደል ተጣሞ ቢታይ፣ ፊደሉን ማንበብ የማትችል ሴት እንደ ሥዕል ስለገለበጠችው ነው፤ ሊሣቅበት አይገባም።

ይሁን እንጂ ዛሬ አሽዶድ ተቀምጠን ያንኑ ጎጆ ብቻ ብንጠልፍ፣ ልጆቻችንም ወላጆቻቸውን በዚያው ሥዕል ብቻ ያውቋቸዋል። ወደቡ የታለ? በሮቫ ዩድ ቤት ፎቅ ላይ ልብስ የምታሰጣው እናትስ? ኡልፓን ደብተር ይዘው የሚሄዱት አባትስ? ይህን የምንለው ጎጆው ይቅር ለማለት አይደለም፤ ሠራተኛዋ ራሷ ትምረጥ ለማለት ነው።

ከእኛ በፊት የመጡትም ይህን መንገድ አይተውታል። ሩት ዳያን በ1954 የመሠረቱት ማስኪት የተባለ የልብስ ድርጅት፣ ከየመንና ከሌሎች አገሮች የመጡ አዲስ ገቢዎችን የእጅ ሥራ ወደ ዘመናዊ ልብስ አመጣው። ለብዙ ሴቶች እንጀራ ሆነ። በ1994 ተዘጋ፤ ከዓመታት በኋላም እንደገና ተከፈተ። ይሁን እንጂ ሰው ሁሉ የሚያስታውሰው የድርጅቱን ስም ነው፤ የጠላፊዎቹን ስም የሚያውቅ ጥቂት ነው። የእኛም እንዲህ እንዳይሆን ያሰጋናል።

ስለዚህ ሦስት ነገር እናሳስባለን። አንደኛ፣ እያንዳንዷ ጠላፊ ስሟን በአማርኛና በዕብራይስጥ በጨርቁ ጥግ ትጥለፍ። ሁለተኛ፣ የሠራችበትን ሰዓት ትመዝግብ፤ ዋጋ ስትጠራ «የሰጣችሁኝን» ከማለት ሰዓቷን ቆጥራ ትናገር። ሦስተኛ፣ ሴትም ወንድም ልጆቻችን ከእናቶቻቸው ጎን ተቀምጠው አንድ ስፌት ይማሩ፤ እነሱም በምላሹ የዕብራይስጡን ፊደል ቀጥ አድርገው በእርሳስ ይንደፉላቸው።

ከ2020 መጨረሻ ጀምሮ በ«ጹር ይስራኤል» ዘመቻ የገባችሁ ቤተሰቦች ሆይ፣ ከጎንደር መርፌና ክር ይዛችሁ ከመጣችሁ ሣጥን ውስጥ አታስቀምጡት። ሙያ ነውና በሙያ ዋጋ ይጠየቅበት።