ከፍሬሙ ውጭ የቀሩት አዋቂዎች፦ የ1970ዎቹ የብሪታንያ የደህንነት ማስተማሪያ ፊልሞች

«ሎንሊ ዋተር» አንድ ደቂቃ ተኩል ብቻ የሚፈጅ ፊልም ነው። በ1973 (ዓመታቱ በሙሉ እ.ኤ.አ. ናቸው) ጄፍ ግራንት ያዘጋጀው የብሪታንያ ልጆች ወንዝና ኩሬ ዳር ሲጫወቱ እንዳይሰጥሙ ለማስጠንቀቅ ነው። ማስጠንቀቂያውን የሚናገረው ግን መምህር ወይም ፖሊስ ሳይሆን ጥቁር ካባ የለበሰ፣ ፊቱ የማይታይ የውሃ መንፈስ ነው። የአንዱ ልጅ እግር እስኪያዳልጥ፣ ሌላው የተንጠለጠለበት ቅርንጫፍ እስኪሰበር ከኋላ ቆሞ ይጠብቃል። ድምፁን የሰጠው ተዋናዩ ዶናልድ ፕሌዘንስ ቃላቱን አያስቸኩልም፤ ጠግቦ እንደሚጠብቅ አውሬ በእርጋታ ያወራል። «አያ ጅቦ መጣልህ» እየተባለ ላደገ የእኛ አንባቢ ዘዴው አዲስ አይሆንበትም። ልዩ የሚያደርገው አስፈራሪው መንግሥት መሆኑ ነው።

ፊልሙን ያሠራው ማዕከላዊ የማስታወቂያ መሥሪያ ቤት የጦርነቱን ዘመን የማስታወቂያ ሚኒስቴር ተክቶ በ1946 የተቋቋመና በ2012 የተዘጋ ተቋም ነው። ፊልሞቹን ለቴሌቪዥን ጣቢያዎች በነጻ ይሰጥ ነበር፤ ጣቢያዎቹም በዝግጅቶች መካከል ክፍት ደቂቃ ሲያገኙ ይሞሉባቸዋል። የፊልሞቹን ጠባይ የወሰነው ይህ አሠራር ይመስለኛል። የሚታዩበት ሰዓት ስለማይታወቅ ተመልካቹ ልቡን አዘጋጅቶ አይቀበላቸውም፤ የልጆች ዝግጅት እንዳበቃ ሞት ሳሎን ሊገባ ይችላል። ለማብራራትም ጊዜ የላቸውም። የሚይዙት ምስልና ድምፅ ብቻ ስለሆነ ባለሙያዎቹ ሁለቱን እስከ ጫፍ ድረስ ተጠቀሙባቸው።

ቀድሞ መንገዱ ሌላ ነበር። ሐኪሙ ሪቻርድ ማሲንግሃም በ1940ዎቹ በሠራቸው አጫጭር ፊልሞች እንደ ተላላ ሰውዬ ራሱ እየተወነ፣ ሲያስነጥሱ መሐረብ መያዝን የመሰለ ነገር በሣቅ ያስተምር ነበር። የሚሣቅበትም የሚታረመውም አዋቂው ነው። በ1970ዎቹ ግን ትንንሾቹን ቻርሊ የተባለው የካርቱን ድመት ሲመክራቸው፣ ከፍ ያሉትን ሊያነጋግር የመጣው ሞት ራሱ ሆነ።

ከሁሉ የከፋውን አስፈሪነት የያዘው የ1977ቱ «አፓቼስ» ነው። በኋላ በ«ዘ ሎንግ ጉድ ፍራይዴይ» ስሙ የገነነው ጆን ማኬንዚ ያዘጋጀው ይህ የ27 ደቂቃ ፊልም በእርሻ ግቢ ውስጥ የአሜሪካ ሕንዶች ጦርነት የሚጫወቱ ስድስት ልጆችን ይከተላል። አምስቱ በየተራ ይሞታሉ፤ አንዷ ከትራክተር ተሳቢ ላይ ወድቃ፣ አንዱ የከብት እበትና ሽንት በሚጠራቀምበት ጉድጓድ ሰጥሞ፣ ሌላው የብረት በር ተጭኖት። መርዝ የጠጣችውን ልጅ ሞት ግን ማኬንዚ አያሳየንም። ካሜራው በሌሊት ከቤቱ ውጭ ቆሞ እናቷን እየጠራች ስትጮህ ብቻ ያሰማናል። የአዘጋጁን ብስለት ከዚህ ትዕይንት በላይ የሚመሰክር የለም፤ ደም ሳይታይ፣ በአንድ ድምፅ ብቻ፣ ሊረሳ የማይችል ነገር ሠርቷል። ዳኒ የተባለው ልጅ ከመጀመሪያው ጀምሮ የሚተርክልን የድግስ ዝግጅትም በመጨረሻ የራሱ ቀብር ሆኖ ይገኛል።

ኪነ ጥበቡን እያደነቅሁ ጥያቄዬን መተው አልችልም። መርዙን ልጅ በሚደርስበት ቦታ የተወው ማን ነው? ጉድጓዱን ያላጠረውስ? «አፓቼስ» የእርሻውን አዋቂዎች ከሩቅ ያሳየናል እንጂ አይጠይቃቸውም። «ሎንሊ ዋተር»ም እንዲሁ ነው። መንፈሱ በውሃው ውስጥ የተደበቁትን ወጥመዶች ሲዘረዝር አሮጌ መኪናዎችና የአልጋ ብረቶች አሉበት። እነዚህን ወደ ውሃው የጣለ ሰው አለ፤ መኪና ደግሞ ልጅ አይጥልም። አደጋው መንፈስ ከሆነ ግን ባለቤት የለውም፣ የሚከሰስም የለም። የቀረው ተጠያቂ የሚያዳልጠው ልጅ ነው።

አዋቂዎችን መለወጥ በተፈለገ ጊዜ ፊልም ብቻውን እንዳልበቃ የደህንነት ቀበቶ ታሪክ ያሳያል። ዘመቻው ከ1970ዎቹ መጀመሪያ አንስቶ ለዓመታት በቴሌቪዥን ሲወተውት ቢቆይም፣ ቀበቶ የሚያስሩት የፊት መቀመጫ ተሳፋሪዎች ወደ 40 በመቶ ገደማ ነበሩ። በ1983 ሕጉ ሥራ ላይ ሲውል አሃዙ ከ90 በመቶ በላይ ወጣ። ለአዋቂው በመጨረሻ ሕግ መጣለት፤ ለልጁ የተሰጠው ፍርሃት ነው። ፍርሃት ሕይወት አያድንም አልልም፤ ያን ዘመን በልጅነታቸው ያሳለፉ ብዙዎች እነዚህን ፊልሞች ዛሬም አልረሷቸውም። ቅሬታዬ ሸክሙ ከባለ ጉድጓዱ ወርዶ በልጁ ትከሻ ላይ ስለማረፉ ነው።

አዋቂዎችን ወደ ፍሬሙ የመለሰ አንድ ፊልም አውቃለሁ። ጆን ክሪሽ በ1977 ለብሪታንያ የትራንስፖርት ፊልሞች ክፍል በሠራው «ዘ ፊኒሺንግ ላይን» ድልድይ ላይ የተቀመጠ ልጅ የትምህርት ቤቱን የስፖርት ቀን በባቡር ሐዲድ ላይ አድርጎ ያስባል። ውድድሮቹ አጥር መስበር፣ በባቡር ላይ ድንጋይ መወርወር፣ እየመጣ ባለ ባቡር ፊት መሮጥና በዋሻ ውስጥ መሄድ ናቸው። ዳኞች አሉ፣ የሙዚቃ ባንድ አለ፣ ወላጆች ያጨበጭባሉ። ሕፃናቱ ሲቆስሉ አዋቂዎቹ ሳይደነግጡ፣ የተለመደ ሥራ እንደሚሠራ ሰው ያነሷቸዋል፤ በመጨረሻም አስከሬኖቹን ሐዲዱ ላይ ይደረድራሉ። ክሪሽ ልጆቹን እያስጠነቀቀ ሳለ አዋቂው ዓለም ከአደጋቸው ጋር ያለውን ሰላም አብሮ አጋለጠ፤ ፊልሙን ከዘመኑ ሥራዎች ሁሉ አስቀድሜ የማስቀምጠውም በዚህ ነው። በ1979 ለልጆች እጅግ ይከብዳል በሚል ተቃውሞ ከሥርጭት ወጣና በ«ሮቢ» ተተካ። «ሮቢ» በባቡር ሐዲድ ላይ እግሮቹን ስለሚያጣ አንድ ልጅ ነው። ዳኛም አጨብጫቢም የለበትም፤ ጥፋቱ ተመልሶ በልጁ ላይ ወደቀ።