«ሥር የሰደደ ሕመም»፦ የአንድ የሕክምና ስያሜ ሒስ

በእንግሊዝኛ «ክሮኒክ ፔይን» የሚባለው በአማርኛ «ሥር የሰደደ ሕመም» እየተባለ ይተረጐማል። ስያሜው ለጆሮ አይጐረብጥም፤ ተርጓሚዎችም ያለ ብዙ ማመንታት ይጠቀሙበታል። ይሁን እንጂ ቃሉን በዋነኛ ቦታው፣ ይኸውም በሐኪምና በሕመምተኛ መካከል በሚደረገው ንግግር ውስጥ፣ ስንመረምረው ቀላል የማይባል ጉድለት እናገኝበታለን።

የመጀመሪያው ጉድለት «ሕመም» ሁለት ጽንሰ ሐሳቦችን ደርቦ መያዙ ነው። «የስኳር ሕመም» ስንል በሽታውን፣ «የጥርስ ሕመም» ስንል ግን የሚሰማንን ስሜት ማለታችን ነው። «ሥር የሰደደ» የሚለው ገላጭም እንደ ስኳርና እንደ ደም ግፊት ላሉት በሽታዎች የተለመደ ስለሆነ፣ ሁለቱ ሲጣመሩ አንባቢው የሚረዳው በሽታን እንጂ ስሜትን ላይሆን ይችላል።

ሁለተኛውና የከፋው ጉድለት ከዘይቤው የመጣ ነው። ሥር የሰደደ ነገር ቢቆፈር ሥሩ መገኘት አለበት። ዓለም አቀፉ የሕመም ጥናት ማኅበር እ.ኤ.አ. በ1979 ባወጣውና በ2020 ባሻሻለው ብያኔ መሠረት ግን ሕመም ከአካል ጉዳት ጋር የተያያዘ፣ ወይም ያንን የሚመስል፣ ደስ የማያሰኝ የሕዋሳትና የስሜት ገጠመኝ ነው፤ ሰው «አመመኝ» ሲል ቃሉ ሊከበርለት እንደሚገባም በማብራሪያው ተመልክቷል። እ.ኤ.አ. በ2019 የጸደቀውና ከ2022 ጀምሮ በሥራ ላይ የዋለው የዓለም ጤና ድርጅት 11ኛው የበሽታዎች ምደባም፣ ከሦስት ወር በላይ ለሚቆይ ወይም ለሚመላለስ ሕመም ራሱን የቻለ መደብ ሰጥቶታል። ከመደቡ ውስጥ ሌላ በሽታ ምክንያት ሆኖ የማይቀርብለት ሕመም ይገኝበታል። ቁስል ከዳነ በኋላም የነርቭ ሥርዓት ሕመሙን ሊያዘልቀው ይችላል። እንግዲህ ሥር ፍለጋ የተሰማራ ሐኪም ሥሩን ባጣ ጊዜ፣ ሕመሙም እንደሌለ ወደ መቁጠር ቢያዘነብል ስያሜው ራሱ መንገዱን ጠርጐለታል ማለት ነው።

ይህን በግልጽ የሚያሳየን «ምንም የለብዎትም» የተባለው የታወቀ አነጋገር ነው። ሐኪሙ የሚያፈርሰው «በሽታ አለብኝ» የሚለውን ዐረፍተ ነገር ነው፤ ሕመምተኛው የተናገረው ግን «ያመኛል» የሚለውን ነው። የመጀመሪያው በደም ምርመራ ወይም በራጅ ሊረጋገጥ ወይም ሊስተባበል ይችላል፤ የሁለተኛው ምስክር ግን ተናጋሪው ብቻ ነው። ሁለቱ ሳይለዩ ሲቀሩ ሕመምተኛው «ውሸትዎን ነው» እንደ ተባለ ቈጥሮ ይሄዳል፤ ወይ ሌላ ሐኪም ፍለጋ ይንከራተታል፣ ወይ ዝም ብሎ ይሠቃያል።

የአማርኛ ሰዋስው ግን ለሕመምተኛው ያደላል። «ራሴን ይፈልጠኛል፣ ሆዴን ይቆርጠኛል፣ ጎኔን ይወጋኛል፣ አጥንቴን ይቆረጥመኛል፣ ጥርሴን ይጠዘጥዘኛል» ስንል ባለቤቱ ስሙ ያልተጠራ ሦስተኛ መደብ ነው፤ ሰውየው ተሳቢ ሆኖ ድርጊቱን ይቀበላል እንጂ አያደርገውም። ሮናልድ ሜልዛክ እ.ኤ.አ. በ1975 ያሳተመው የማክጊል የሕመም መጠይቅ 78 የእንግሊዝኛ ገላጭ ቃላትን በ20 ክፍሎች መድቧል። ይህን ቃል በቃል ተርጉሞ «የሚወጋ፣ የሚያቃጥል» እያሉ ቅጽል መደርደር፣ በግሥና በአካል ክፍል የሚናገረውን የአማርኛን ሥርዓት ማፍረስ ይሆናል።

ልዩነቱ ለቋንቋ ውበት ብቻ የሚጠቅም አይደለም። «ያቃጥለኛል፣ ይነዝረኛል፣ ይደነዝዘኛል» የሚሉት ግሦች የነርቭ ሕመምን ሊጠቁሙ ይችላሉ፤ «ይቆረጥመኛል» ደግሞ ወደ አጥንትና ወደ መገጣጠሚያ ያመራል። የአገራችን ሐኪም ትምህርቱን የሚማረው በእንግሊዝኛ፣ የሕመምተኛውን ካርድ የሚጽፈውም በአብዛኛው በእንግሊዝኛ ስለሆነ፣ እነዚህ ሁሉ ግሦች በአንድ «ፔይን» ተጠቅልለው ሲገቡ የመረጃው ከፊል ከበር ላይ ይቀራል።

ስለዚህ ሁለት ነገሮችን እናመለክታለን። አንደኛ፣ በሕክምና መዛግብተ ቃላት «በሽታ» እና «ሕመም» ተለይተው ይበየኑ፤ «ክሮኒክ ፔይን» ደግሞ «የከረመ ሕመም» ይባል። «ከረመ» ከ«ክረምት» ጋር የሚዛመድ ግሥ ነው፤ ክረምትም ሦስት ወር ያህል ስለሆነ ከምደባው የጊዜ ወሰን ጋር ይገጥማል። ከሁሉ በላይ የቆይታን ጊዜ ይናገራል እንጂ ሥር አለው ወይም የለውም ብሎ አስቀድሞ አይፈርድም። ቃሉ ያረጀን ነገር ያስታውሳል የሚል ተቃውሞ ሊነሣ ይችላል፤ ነገር ግን «የከረመ ጉዳይ» ስንል ያልተቋጨ፣ መፍትሔ የሚጠብቅ ማለታችን ነው፤ ይህም ለተፈለገው ትርጉም ቅርብ ነው። ሁለተኛ፣ የሕመም ግሦች ከአካል ክፍላቸውና ከሚነገሩበት አካባቢ ጋር ተሰብስበው ለሐኪሞች በሚመች ዝርዝር ይዘጋጁ።

ስያሜ ሕመም አያስታግሥም። ነገር ግን የተሳሳተ ስያሜ የሚሰማውን ጆሮ ሊደፍን ስለሚችል፣ እርማቱ የቋንቋ ባለሙያው ድርሻ ነው።