ጌጡ፣ መንቀጥቀጡና የተሸጠው ጭረት

ብዙ ተመልካች ይሳሳታል። አሜሪካዊው የቤዝ ጊታር ተጫዋች ቪክተር ዉተን ከሚጫወትባቸው መሣሪያዎች አንዱ፣ የጥንት ቻይናውያን ዪንና ያንግ የሚሉት ምልክት ደረቱን ሞልቶ የሰፈረበት ነው፤ ጥቁሩና ነጩ እንደ ሁለት ዓሣ ተጠማዝዘው አንዱ የሌላውን ጭራ ሲያሳድድ ይታያል። ከመድረክ በታች ሆኖ የሚያይ ሰው በቀለም የተሣለ ሥዕል ይመስለዋል። ነገሩ ግን ሥዕል አይደለም። አንዱ በተፈጥሮው የጠቆረ ዞጲ፣ ሌላው በተፈጥሮው የነጣ እንጨት ነው፤ ሁለቱ በጥምዝምዙ መስመር ተቆርጠው፣ አንዱ በሌላው ጉያ ገብቶ ተገጣጥመዋል። ሥራው በኒውዮርክ ከተማ ብሩክሊን ውስጥ በ1983 ሥራ የጀመረው የፎዴራ የጊታር መሥሪያ ቤት ነው። (በዚህ ሐተታ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

የዚሁ ሰው ሌላው መሣሪያ፣ ከሁሉ አስበልጦ የሚይዘው፣ ያው ቤት በተቋቋመበት በ1983 የሠራው ሞናርክ የሚባለው ቤዝ ነው። በእርሱ ላይ ዓይን የሚስበው ሌላ ነገር ነው፤ ክሮቹ በሚታሰሩበት ቦታ ካህለር የተባለው፣ በእጀታ የሚነዳ የብረት ስልት ተገጥሞለታል። እጀታው ሲገፋ ድምፁ ይወፍራል፣ ሲለቀቅ ወደ ቦታው ይመለሳል፣ ሲነካካ ይርገበገባል።

እነዚህን ሁለት መሣሪያዎች ለሒስ መነሻ ማድረጋችን ያለ ምክንያት አይደለም። በውድ ዋጋ በሚሠራ ቤዝ ጊታር ላይ የሚጨመረው ቀለም፣ እንጨትና ብረት ለሙዚቃው የሚሰጠው ምንድን ነው? የትኛው ግብር አለው፣ የትኛውስ ገዥን ለማማለል የተቀመጠ ነው? ቅርጽና ይዘት በሚል ርእስ ስንት ጊዜ የተከራከርን መምህራንና የመድረክ ሰዎች፣ ክርክሩን አንድ ጊዜ ከቃላት አውርደን በካቻቪቴ በሚፈታ ነገር ላይ ብንሞክረው አይከፋም።

ቤዝ ጊታር የፋብሪካ ልጅ ነው። በካሊፎርኒያ ፉለርተን ከተማ ሬዲዮ ይጠግን የነበረው ሊዮ ፌንደር በ1951 ለገበያ ሲያወጣው፣ ያሰበው በዳንስ ኦርኬስትራ ውስጥ ድምፁ ተውጦ ስለሚቀረውና ለመሸከምም ስለሚያዳግተው ስለ ታላቁ ኮንትራባስ ነበር። በአንገቱ ላይ ፍሬት ደረደረበት፤ ጣት ቦታውን እንዳይስት ሆነ፤ ስሙንም ፕሪሲዥን፣ ማለትም ልክነት፣ አለው። ከጥቂት ዓመታት በኋላ ከተለመደው መልክ ሌላ ቀለም የሚፈልግ ገዥ 5 በመቶ ጨምሮ ይከፍል ጀመር። ቀለሞቹ ለጊታር ተብለው የተበጠበጡ አልነበሩም። ዱፖንት የተባለው ኩባንያ ለመኪና ፋብሪካዎች የሚያቀርባቸው ዱኮና ሉሳይት ነበሩ (ዱኮ የሚለው ስም ለእኛም ጋራዦች እንግዳ አይደለም)። ፊየስታ ቀይ የተባለው የ1956ቱ ፎርድ ተንደርበርድ ቀለም ነው፤ ሌክ ፕላሲድ ሰማያዊ ደግሞ ከካዲላክ የመጣ ነው።

በዚህ ቀለም ላይ ጠላትነት የለንም። ካዲላኩን መግዛት ያልቻለ ወጣት ቀለሙን በትከሻው አንጠልጥሎ መድረክ ላይ ይወጣ ነበር፤ በዚህ ውስጥ የዋህነት እንጂ ማታለል የለም። ደግሞም የኤሌክትሪክ ቤዝ ደረቱ ድፍን ነው፤ ማግኔቱ የሚያዳምጠው የሚንቀጠቀጠውን የብረት ክር ነው፤ ስለዚህ በደረቱ ላይ የተረጨው ቀለም የሚዳኘው በዓይን ነው። ለዓይን የተሠራ ነገር ለዓይን ነኝ ብሎ ከቀረበ ሐሰት የለበትም።

የሚያጠራጥረን ተቃራኒው ነው፤ ቀለም አልቀባም ብሎ እንጨቱን ራሱን ጌጥ ያደረገው ወገን። በ1969 በሰሜን ካሊፎርኒያ፣ ግሬትፉል ዴድ በተባለው የሙዚቃ ቡድን ዙሪያ የተፈጠረው አሌምቢክ የዚህ ወገን አባት ነው። በ1972 ለጃክ ካሳዲ ከሠራው ቤዝ ጀምሮ፣ ከሩቅ አገር የመጣ እንጨት በንብርብር እየተጣበቀ፣ ነሐስ እየተገጠመለት፣ ቤዝ ጊታር እንደ ቤተ መንግሥት የቤት ዕቃ ይታይ ጀመር። ስታንሊ ክላርክ በአሌምቢክ የተጫወተውን የሰማ ሰው መሣሪያውን ሊንቀው አይችልም። ከእርሱ በኋላ የመጡት ግን ብዙዎቹ እንጨት ነጋዴ ለደንበኛ የሚያሳየውን የናሙና ሰሌዳ ይመስላሉ፤ ሰባት ዓይነት እንጨት በአንድ ደረት ላይ ተደርድሮ፣ አንዱም ለምን እንደገባ ሳይታወቅ ያብለጨልጫል። የፎዴራው ጥቁርና ነጭ ከእነዚህ የሚለየው በዚህ ነው። ሁለት እንጨት ብቻ ነው፤ ሁለቱም የምልክቱ ሐሳብ የሚጠይቃቸው ናቸው፤ በቀለም ቢሠራ ኖሮ ጥቁሩ በነጩ ላይ የተደፋ ይሆን ነበር፤ አሁን ግን አንዱ ባይኖር የሌላው ቦታ ባዶ ጉድጓድ ነው። ምልክቱ የሚናገረውም ይህንኑ ነው።

አሁን ወደ እጀታው እንምጣ።

በመጀመሪያ የስሙን ስሕተት ማረም ይገባል። ቪብራቶ የድምፁ ቅጥነትና ውፍረት መዋዠቅ ነው፤ ትሬሞሎ የጉልበቱ መዋዠቅ ነው። ፌንደር በ1954 ስትራቶካስተር ለተባለው ጊታሩ የሠራውን፣ ቅጥነትና ውፍረትን የሚለዋውጠውን ስልት ትሬሞሎ አለው፤ በአምፕሊፋየሩ ውስጥ ጉልበትን የሚያወዛውዘውን ደግሞ ቪብራቶ አለው። ሁለቱን ስሞች አቀያይሮ ለዓለም አከፋፈላቸው፤ እስከ ዛሬም ዓለም ሁሉ የእጀታውን ነገር ትሬሞሎ እያለ ይጠራል። (በእኛም ዘንድ በስሕተት ተተርጉመው የጸደቁ ቃላት ስላሉ ብዙ መሳቅ አይገባንም።)

በቀጭን ጊታር ላይ ቀላል የሆነው በቤዝ ላይ ከባድ ነው። የቤዝ ክር ከጫፍ እስከ ጫፍ 86 ሳንቲ ሜትር ያህል ይረዝማል፤ አራቱ ክሮች ተባብረው የሚጎትቱት ኃይል ወደ 70 ኪሎ ይጠጋል። ይህን ጉተታ በሞላ መመከት፣ እጀታው ተገፍቶ ሲለቀቅም ሁሉንም ክር በትክክል ወደ ነበረበት መመለስ፣ ጭነት ሳይዛነፍ ሚዛን እንደ መያዝ ያለ ሥራ ነው። አንዱን ክር ሲያጠብቁ ሚዛኑ ይዛነፍና ሌሎቹ ይላላሉ። ፌንደር በ1961 ባወጣው ባለ ስድስት ክር ቤዝ ላይ እጀታ ቢገጥምም፣ የዚያ መሣሪያ ክሮች ቀጠን ያሉ ነበሩ። የካህለር ስልት መፍትሔ የሚያደንቁት ነው፤ ክሮቹ በትንንሽ ተሽከርካሪዎች ላይ ያልፋሉ፣ ጫፋቸው የተያዘበት ዘንግ በኩሽኔታ ላይ ይዞራል፣ ሞላዎቹ መልሰው ይስቡታል። ሰበቃው ስለሚቀንስ ክሩ ወደ ቦታው ለመመለስ አይቸገርም።

ነገር ግን የመካኒክ ብልሃት የሙዚቃ ምክንያት አይሆንም። እጀታው ምን ይሠራል?

ይህ ጸሐፊ ለረጅም ጊዜ በቤዝ ላይ የተገጠመ እጀታን እንደ ትርፍ ነገር ይቆጥር ነበር። ክርክሬም ማሲንቆ ነበር። ማሲንቆ አንድ ክር አለው፤ ፍሬት የለውም፤ አዝማሪው ድምፁን የሚያርገበግበው በጣቱ ነው፤ የሐዘኑ መጠን ከጣቱ ግፊት ጋር አብሮ ይጨምራል ይቀንሳል። ጣት ይህን ከቻለ ሞላና ኩሽኔታ ለምን? እል ነበር። ሁለት ነገር ዘንግቼ ነበር። ፍሬት ባለው አንገት ላይ ጣት ክሩን ወደ ጎን ሲስበው ድምፁ ሊቀጥን እንጂ ሊወፍር አይችልም፤ እጀታው ግን ወደ ታች ይወስደዋል። ሁለተኛውና ዋናው፣ ጣት የሚያርገበግበው የያዘውን ክር ነው፤ እጀታው ግን ሁሉንም በአንድ ጊዜ ያንቀሳቅሳል፤ ሦስት አራት ድምፅ አንድ ላይ ተመትቶ ሳለ፣ ግራ እጅ ክሮቹን ለቅቆ ድምፁ ገና ሳይከስም፣ መላው ኅብረ ድምፅ እንደ ውኃ ላይ ጥላ ይወዛወዛል። ይህን የሰው ጣት አይሠራውም። ዉተን በ1996 «ኤ ሾው ኦቭ ሃንድስ» በተባለው አልበሙ ቤዝን ብቻውን ሙሉ ሙዚቃ እንዲሸከም ያደረገ ሰው ነው፤ ቤዝን እንደ ኅብረ ድምፅ መሣሪያ የሚያስብ ተጫዋች እጀታውን ቢፈልግ ምክንያት አለው።

ስለዚህ ፍርዴን አሻሽላለሁ፤ ግን አልሰርዘውም። ወፍራሙ ክር ሳይያዝ ሲመታ በሴኮንድ 41 ጊዜ ያህል ይንቀጠቀጣል። እጀታው አንድ ኦክታቭ ዝቅ ካደረገው ወደ 20 ይወርዳል፤ ይህም የሰው ጆሮ የሚሰማበት የመጨረሻው ደፍ ነው። ከዚያ በታች የሚቀረው የክሩ መንኳኳትና የድምፅ ማጉያው ማቃሰት ነው። አንድ ድምፅ ይዞ እጀታውን እስከ መጨረሻው የሚጫን ተጫዋች ብዙ ጊዜ ጭብጨባ ያገኛል፤ ሙዚቃ ግን አልጨመረም። ከዚህ ደንብ ውጭ የማደርገው ፕራይመስ በተባለው ቡድን የሚጫወተውን ሌስ ክሌፑልን ነው። ካርል ቶምፕሰን የተባለው የብሩክሊን ባለሙያ በሠራለት ባለ አራት ክር ቤዝ ላይ ካህለር አለ፤ ክሌፑል ድምፁን ሲያዘቅጠው ሆን ብሎ ሊያስቅ ነው፤ ሰካራም ደረጃ ሲስት የሚያሰማውን ያሰማል። እርሱ ቀልደኛ ገጸ ባሕርይ ነው፤ ቀልደኛ ደግሞ መውደቅ አለበት።

ስለ ቀለም ስናገር አንድ ነገር አቆይቼ ነበር። የመሣሪያው ገጽ ልባስ ድምፅ የሚሆንበት አንድ ቦታ አለ፤ ጣት የሚያርፍበት የአንገቱ ገጽ። የፍሎሪዳው ጃኮ ፓስቶሪየስ የ1962 ጃዝ ቤዝ ነበረው። ፍሬቶቹ የወለቁለት ነበር፤ የብረት ጥምጥም ያለበት ሸካራ ክር እንጨቱን እንዳይበላው፣ ጃኮ ገጹን ለጀልባ በሚያገለግል ኤፖክሲ ለበጠው። ልባሱ እንደ መስታወት ጠነከረ፤ ክሩ በላዩ ሲንሸራተት የሚያሰማው ያ የሚዘምር፣ በአፍንጫ የወጣ የሚመስል ድምፅ በ1976 አልበሙ የቤዝን ታሪክ ለወጠ። መርገብገቡም የጣቱ ብቻ ነበር። በገና ደርዳሪ ይህን ያለ ማብራሪያ ይረዳዋል፤ በክሩና በድልድዩ መካከል የምትገባውን የቆዳ ቁራጭ፣ እንዚራን፣ የማያውቅ ሰው ጌጥ ትመስለዋለች፤ ብትወጣ ግን በገናው በገና መሆኑ ይቀራል።

የዚህ መሣሪያ ነገር ወደ መጨረሻው ጉዳዬ ያመጣኛል። ፌንደር በ1987 በትእዛዝ የሚሠራ ልዩ የሥራ ክፍል አቋቋመ፤ በ1995 ከዚያ ክፍል ሬሊክ የተባሉ መሣሪያዎች ወጡ። ሬሊክ ማለት አዲስ ሆኖ ሳለ ያረጀ እንዲመስል የተደረገ ነው። ቀለሙ ክንድ በሚያርፍበት ቦታ ይፋቃል፣ ብረቱ እንዲዝግ ይደረጋል፣ ጠርዙ ይቀጠቀጣል። ገዥው ለዚህ ጉዳት ተጨማሪ ይከፍላል።

እኔ የተውኔት ሰው ነኝና በዚህ ላይ ቶሎ ድንጋይ አላነሣም። በአንድ ተውኔቴ ውስጥ ለአንድ ሽማግሌ ገበሬ የሚሆን አዲስ ጋቢ ተገዝቶ፣ የአልባሳት ክፍል ሠራተኛዋ በሻይ ቅጠል ነክራ፣ በአመድ አሽታ፣ ጠርዙን በብርጭቆ ወረቀት ስትፍቅ ሦስት ቀን አይቻታለሁ። በመጀመሪያው ምሽት ተዋናዩ ያን ጋቢ ሲያጣፋ የሃያ ዓመት እርሻ ከትከሻው ላይ ታየኝ። ሐሰት ነበር ወይ? አልነበረም፤ ተመልካቹ ቲያትር ቤት መግባቱን ያውቃል፤ ሲያልቅም ተዋናዩ ጋቢውን አውልቆ ሰቅሎት ይሄዳል። የሬሊክ ገዥ ግን ጋቢውን ለብሶ ወደ ቤቱ ነው የሚሄደው።

ይህም ቢሆን በራሱ ቀላል ነገር ነበር፤ ሰው በገንዘቡ ያሻውን ይልበስ። የከበደኝ የጃኮ ፓስቶሪየስ ቤዝ ግልባጭ ነው፤ ፍሬት አልባነቱ፣ ልባሱ፣ የቀለሙ መላላጥ ሳይቀር ተቀድቶ በክብር ስም ለሽያጭ ቀርቧል። ባለቤቱ በመጨረሻ ዓመታቱ በሕመምና በመጠጥ ተጎድቶ በኒውዮርክ መጠለያ አጥቶ የነበረ ሰው ነው። ቤዙ አንድ ጊዜ ተሰባብሮ ተጠገነ፤ በ1986 ተሰረቀበት፤ እርሱ በ1987 በ35 ዓመቱ ሞተ፤ መሣሪያው ከሃያ ዓመት ገደማ በኋላ ነው የተገኘው። የዲትሮይቱ ጄምስ ጀመርሰንም፣ የሞታውንን ዘፈኖች በአንድ ጣት የተሸከመው ሰው፣ በ1983 ከመሞቱ ጥቂት ቀደም ብሎ የ1962 ፕሪሲዥኑ ተሰርቆበታል። እያንዳንዱ ጭረት አንድ ሌሊት ነው። ጥበበኛው በሕይወት ሳለ ያን ሌሊት ማንም ሊጋራው አልፈለገም፤ አሁን የሌሊቱ ምልክት በብርጭቆ ወረቀት ተመስሎ በሺህ ዶላሮች ይሸጣል።

ቀጂው ባለሙያ አይወቀስም። እጁ የተካነ ነው፤ እያንዳንዷን ጭረት በቦታዋ ለማስቀመጥ ከተራ ቀለም ቀቢ የበለጠ ይደክማል። እንዲያውም ከእነዚህ ግልባጮች አንዱ እውነተኛ ተጫዋች እጅ ቢገባ፣ ሃያና ሠላሳ ዓመት ቢጫወትበት፣ በሐሰቱ ጭረት ላይ የራሱን ጭረት ይጨምርበታል፤ ክንዱ የተፋቀውን ቦታ እንደገና ይፍቀዋል፤ ያን ጊዜ የትኛው የፋብሪካው፣ የትኛው የእርሱ እንደሆነ ማንም አይለየውም። ያ ቀን ሲመጣ ይህን ሐተታ የሚያነብ ሰው ጸሐፊው ቸኩሏል ቢለኝ አልከራከረውም። አብዛኞቹ ግን አሁን ያሉት በሣጥናቸው ውስጥ ነው፤ ተጨማሪ ጭረት እንዳይነካቸው በለስላሳ ጨርቅ ተጠቅልለዋል።