መምህሩስ ማን አለው?

በ256 ዓመተ ሂጅራ (870 እ.ኤ.አ.) ወደ አኺራ የሄደው የቀይረዋኑ ሊቅ ሙሐመድ ኢብኑ ሰሕኑን ስለ ሕፃናት መምህራን «አዳቡል ሙዐሊሚን» የተሰኘ አጭር ኪታብ ትቶልናል። ለመምህሩ ክፍያ ይፈቅዳል፤ ዱላውን በቁጥር ይገድባል (ጨርሶ ቢቀር በወደድን!)፤ ልጆቹን ትቶ በሌላ ጉዳይ እንዳይጠመድም ያዛል።

ጎደለ የምለው አንድ ነው፤ መምህሩን ይቆጣጠራል እንጂ አያሠለጥነውም። የፊቅህ ኪታብ ነውና በዚህ አይወቀስም። እኛስ? የአራት ዓመት ልጃችንን ለአንዲት ወጣት አስተማሪ አስረክበን እንሄዳለን። ሠላሳ ሕፃን ብቻዋን ስትይዝ፣ ክፍሏ ገብታ «እንዲህ ብታደርጊውስ?» የምትላት ልምድ ያላት እህት የለችም። ልጁ ፊደል መለየት ሲያቅተው ግን ትምህርት ቤት ድረስ ሄደን የምንቆጣው እርሷን ነው።