ፊት ለፊትማ ማንም ያምራል

ሰው አዲስ ቤት ሊያይ ይገባና ግድግዳውን በመዳፉ መታ መታ አድርጎ «እንዴት ያንጸባርቃል!» ይላል። ነፋስ መውጫም ወገዳም መካነ ኢየሱስም ያው ነው። ቀቢው ፈገግ ብሎ ሒሳቡን ይቀበላል። አጠገቡ የቆመው ተለማማጅም የሰማውን ይይዛል፤ ከዚያ ወዲያ ለእሱ ጥሩ ሥራ ማለት የሚያብረቀርቅ ሥራ ነው። ማንጸባረቅ እኮ ከነቆርቆሮው ከሱቅ የሚገዛ ነገር ነው፤ ምኑ ሙያ ይባላል?

ልስኑ ይድረቅ፣ አቧራው ይጠረግ፣ የመጀመሪያው እጅ ቀለም ይቅጠን እያልኩ አላደክማችሁም፤ ይህን የማያውቅ ቡርሽ ባይዝ ይሻላል። አንድ ነገር ብቻ ልበል፦ እርጥብ ሲሚንቶ ላይ ዘይት ቀለም አይቀባም። በሲሚንቶው ውስጥ ያለው ኖራ ከእርጥበቱ ጋር ሆኖ የቀለሙን ዘይት ወደ ሳሙናነት ስለሚለውጠው ቀለሙ ተልጦ ይወድቃል። 28 ቀን ይጠበቅ የሚባለው አለምክንያት አይደለም። የጋይንት ደጋ ነፋስ ደግሞ ላዩን ቶሎ አድርቆ ውስጡን እርጥብ ይተወዋል። ክረምት ላይማ 28 ቀንም አይበቃም። የተጠራጠረ ሰው ላስቲክ ዙሪያውን አጣብቆ ያሳድር፤ ጠዋት ከላስቲኩ ሥር ላብ ካየ ቀቢውን ወደ ቤቱ ይሸኝ።

አሁን ወደ ዋናው ነገር። ግድግዳ ፊት ለፊት አይታይም። ማታ ግቡ፣ መብራቱን አጥፉ፣ የእጅ ባትሪ ግድግዳው ላይ አስጠግታችሁ ብርሃኑን በጎን ልቀቁት። ቀን «እንደ ወረቀት ለስላሳ» የተባለው ግድግዳ ያኔ ጉድ ያወጣል፤ እዚህ እብጠት፣ እዚያ ስርጉድ፣ ስፓቱላው ቆሞ የተነሳበት መስመር። ከሁሉ በላይ ሶኬቱ ዙሪያ ተመልከቱ። ኤሌክትሪሻኑ ልስኑ ካለቀ በኋላ መጥቶ ይፈነቅላል፣ ቀቢው በስቱኮ ይጠግናል፣ ጥጋኑ ሳይደርቅ ሩሎ ያስኬድበታል። ስቱኮ ወፍሮ ሲደፈን እየደረቀ ይሰምጣል፤ ቀለም የሚመጥበት መጠንም ከአካባቢው ልስን ስለሚለይ ቦታው ደብዝዞ ይቀራል። ሦስተኛም አራተኛም እጅ ቢደረብ ለውጥ የለውም። ጥጋኑ በብርጭቆ ወረቀት ተስተካክሎ ለብቻው ቀጭን ቀለም ካልጠጣ ሥራው ሥራ አይደለም። እንዲህ ባለ ግድግዳ ላይ የሚያብረቀርቅ ቀለም መቀባት ጉድን ማወጅ ነው፤ የማያብረቀርቀው ቢያንስ ይሸፍናል። ስለዚህ ያብረቀረቀውን የሚያደንቅ ገዢ የሚያደንቀው ጉዱን ያጋለጠበትን ቀለም ነው።

ጥፋቱ የቀቢው ብቻ አይደለም። ለሳኙ ረጅም ጣውላ አስደግፎ ግድግዳውን ካልላገ ስቱኮ ተራራ አያፈርስም። የጭቃ ቤት ላይ ሲሚንቶ የሚለስኑትንማ ተዉአቸው። ጭቃው እርጥበት ሲያገኝ ያብጣል፣ ሲደርቅ ይኮማተራል፤ ሲሚንቶው አብሮት ስለማይሄድ ይላቀቃል። አንኳኩ፣ ባዶ ድምፅ ትሰማላችሁ።

እስቴ ውስጥ የማውቃቸው አንድ ሽማግሌ መራጊ ነበሩ። ጭቃቸው ከጭዱ ጋር ተረግጦ፣ ቦክቶ፣ ሽታው ሰፈር ካላወከ አይነኩትም። የመጀመሪያው ምርጊት ደርቆ ይሰነጠቅ ብለው ይተዉታል፤ ሁለተኛውን በተነፋ አፈርና በደቀቀ የጤፍ ጭድ ይደርቡበታል። የጎንደር ዘመን ሠዓሊዎች ብዙ ጊዜ ሸማ በግድግዳው ላይ ለጥፈው በሸማው ላይ ነበር የሚሥሉት። ይህን ለሽማግሌው ሲነግሯቸው ይስቃሉ፤ «የሚያምኑት መራጊ አጥተው ነዋ!»

ሲመሽ ፋኖስ ግድግዳው ላይ ያስጠጉና ተለማማጃቸውን ልጅ ይጠሩታል። «ና እይ እንጂ! ፊት ለፊትማ ማንም ያምራል። መርጌታው ድጓውን ጋይንት ቤተልሔም ወርዶ ያስመሰክራል፣ ግድግዳም በፋኖስ ያስመሰክራል።» ልጁ አንድ እብጠት ካየ በነጋታው ይላግ ነበር። ባለቤቱ ቀን ሊከፍላቸው ቢነሳ «ቆይ፣ ይምሽ» ነው መልሳቸው።

የዛሬዎቹ የሚያስረክቡት ቀትር ላይ ነው፣ ብርሃኑ በመስኮት ሞልቶ ሁሉ ነገር ለጥ ብሎ ሲታይ። ግማሹን ክፈሏቸው፤ ለቀሪው «ማታ ተመለስ፣ ባትሪ ይዘህ» በሏቸው።