ለነፋስ ያልተተወ ዘር

አዳማ ነፋስ አታጣም። ከከተማዋ ወጣ ብሎ ኮረብታው ላይ የተተከሉት የኃይል ማመንጫ ማማዎች እ.ኤ.አ. ከ2012 ጀምሮ የሚሽከረከሩት በዚሁ ነፋስ ነው። ለችግኝ አፍይ ግን ነፋሱ ባላጋራ ነው። መንገድ ዳር ባለች አንዲት ችግኝ ማፍያ ያገኘኋቸው አዛውንት የበረሃ ጽጌረዳቸውን ፍሬ በቀይ ክር ጠምጥመው ያስራሉ። ለምን እንደሆነ የገባኝ ቀረብ ብዬ ሳየው ነው። ፍሬው ሁለት የፍየል ቀንድ ሥር ለሥር የተጋጠመ ይመስላል። ሲደርስ በጎኑ ይሰነጠቃል። ውስጡ የተደረደረው ዘር የክብሪት ስባሪ ያህላል፤ በሁለቱም ጫፉ የሐር ጭራ አለው። ክሩ ባይኖር የወራት ልፋት በአንድ ሽውታ ይበናል።

ጽጌረዳ ይባል እንጂ ከጽጌረዳ ጋር አይዛመድም፤ የኦሊያንደር ወገን ነው። በአገራችን ምሥራቅና ደቡብ ቆላ በዱር ይበቅላል። ለሳይንስ ያስተዋወቀው ስዊድናዊው ፒተር ፎርስኮል ለጥናት በሄደበት የመን እ.ኤ.አ. በ1763 ሞተ፤ ለተክሉ «ወፍራም» የሚል ትርጉም ያለው ስም የሰጠበት መጽሐፍ የታተመው ከ12 ዓመት በኋላ፣ በ1775 ነው። ስሙ የመጣው ከግንዱ ነው፤ ውኃውን የሚያጠራቅመው እዚያ ነው።

አዛውንቱ ፍሬውን ለንብ አይተዉትም። መለከት የመሰለውን አበባ ጎኑን በምላጭ ሰንጥቀው ይገልጡታል። እታች፣ ወንዴዎቹ ተጋጥመው እንደ ጎጆ ጣሪያ የሾለ ክዳን ሠርተዋል፤ ዱቄቱም የሴቴዋ አካልም የተሸሸገው ከዚያ ሥር ነው። ጫፏን ባጎበጧት ቀጭን ሽቦ ዱቄቱን ጭረው ያወጡና የሌላውን አበባ ክዳን ስንጥቅ ፈልገው ያስገቡላታል። ሁለት ጊዜ ሞክሬ ሁለቱንም አበባ አበላሸሁ። እሳቸው ምንም አላሉኝም፤ ሽቦዋን ብቻ ከእጄ ወሰዱ። የያዘው ፍሬ ለመድረስ ሁለት ሦስት ወር ይፈልጋል።

«ጋሼ፣ ይኼ ዘር ምን ዓይነት አበባ ያወጣል?» አልኳቸው።

«እሱን ሲፈነዳ ጠይቀኝ።»

እውነታቸውን ነው። የታይላንድና የታይዋን አብቃዮች ድርብርብ የአበባ ቅጠል ያለው፣ ጠርዙ የጠቆረ ብዙ ዓይነት አውጥተዋል፤ የነዚህ ዘር ግን እናቱን ላይመስል ይችላል። ቀለሙ እንዲጸና የፈለገ ከወደደው ተክል ቅርንጫፍ ቆርጦ በሌላ ግንድ ላይ ያጣብቃል። አዛውንቱ ይህንንም ይችሉበታል፤ የሚወዱት ግን ዘሩን ነው።

የሚዘሩበት መደብ በፑሚስ የተሞላ ነው፤ ያው ብሎኬት የሚሠራበት። የስምጥ ሸለቆው እሳተ ገሞራ ትቶት የሄደው ይህ ቀላል ድንጋይ ውኃ አያቁርም። ሁለት ጊዜ ይነፉታል፤ ጠጠሩን ይይዛሉ፣ ብናኙን ይደፋሉ። ዘሩን አስተኝተው ለዓይን እስኪሰወር ብቻ ያለብሱታል። በአዳማ ሙቀት ሳምንት ሳይሞላ ይበቅላል። እኔ በፊት ከሌላ ቦታ የገዛሁትን በጥቁር አፈር ተክዬ፣ በየቀኑ አጠጥቼ፣ በሁለት ወር ውስጥ አበስብሼዋለሁ።

የእጃቸው ጥበብ የሚለየው ግን ችግኙ ዓመት ሲሞላው ነው። በደረቁ ወራት ነቅለው ያጥቡታል። ወደ ታች የሚወርደውን ዋና ሥር በአልኮል በተወለወለ ምላጭ በአንድ ስበት ይቆርጡታል፤ መጋዝ የሚመስል እንቅስቃሴ የለም። ፈሳሽ ይወጣዋል። ይህ ፈሳሽ በአፍሪካ አዳኞች ለቀስት መርዝ ሲጠቀሙበት የኖሩት ስለሆነ ጓንት ያደርጋሉ፤ ፍየልም ሕፃንም አያስጠጉም። ከዚያ ተክሉን ጥላ ውስጥ ይሰቅሉታል። ቁስሉ እንደ ቆዳ ሳይደርቅ አፈር ከነካው ይበሰብሳል። ሲተክሉት ከበፊቱ አንድ ጣት ከፍ ያደርጉታል፤ ወደ ጎን የሄዱት ሥሮች እየወፈሩ ከአፈሩ በላይ ይታያሉ። ይህን ዓመት በዓመት የደጋገሙበት አንዱ ተክላቸው በሸክላ ድስት የተቀመጠ የዘመናት ዋርካ ይመስላል። ቁመቱ ከክንዴ አይበልጥም፤ የምላጩን ጠባሳ በጣቴ ዳስሼ ፈለግሁ፤ አላገኘሁትም።

ገዢ የሚመርጠው ያበበውን ነው። ለእኔ ግን ከሁሉም የሚያምረው ቅጠሉም አበባውም የረገፈው ያ ዋርካ ነው፤ የሰው እጅ የሠራው በሙሉ ተገልጦ የሚታየው በእሱ ላይ ነው። ዋጋውን ጠየቅኋቸው፤ አይሸጥም አሉኝ። ከጎኑ ጥላው ውስጥ ሥራቸው የተቆረጠ 11 ችግኞች በገመድ ተሰቅለው ነበር። እስከ አርብ አይተከሉም።